በመኪና ወደ ዋግ፦ ድንኳን፣ ውኃና መንገድ

መኪናን እንደ ቤት ይዞ መጓዝ፣ በመሸበት ቦታ ድንኳን ተክሎ ወይም እዚያው መኪናው ውስጥ ተኝቶ ማደር በብዙ አገር የተለመደ የእረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው። በምዕራብ አሜሪካ በረሃዎችና በናሚቢያ ብሔራዊ ፓርኮች ለዚሁ የተሰናዱ፣ ውኃና መጸዳጃ ያላቸው ማቆሚያዎች አሉ። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው ምሳሌ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከፈንታሌ ተራራ ብዙም በማይርቀው ደረቅ ሜዳ፣ ወንዙ በቦረቦረው ገደል አፋፍ ላይ፣ ከረዩ ሎጅ ተጎታች ካራቫኖችን ደርድሮ በመኝታ ክፍልነት ያከራይ ነበር። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ደግሞ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የታወቁ የድንኳን ሰፈሮች ናቸው። በአማራ ክልል ያለው ዋግ ኽምራ የሁለቱንም ጠባይ ይዟል፤ ላዩ ደጋና ወይና ደጋ፣ ታቹ ግን ቆላ፣ በየቦታውም በረሃ የሚመስል ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ወደ እርሷ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ከላሊበላ ተነስቶ በብልባላ በኩል ያልፋል፤ ሌላው ከኮረም ይመጣል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የሚወርድ መንገደኛ ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን ያገኛል። የእነዚህ ወረዳዎች ቆላ ወደ ተከዜ ወንዝ ያዘነብላል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ ጠዋት ሰቆጣ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ከሰዓት በኋላ ከግራር ሥር ጥላ ይፈልጋል። በሸለቆው መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ በዚህ ደረቅ አገር ያልተገመተ ነገር ነው፦ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2001 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ በገደሎቹ መካከል የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ። ዛሬ የአካባቢው ወጣቶች ዓሣ ያጠምዱበታል።

ሜዳ ላይ ሰፍሮ ማደር ለዋግ እንግዳ አይደለም። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው በሲራራ ነጋዴዎች ተጭኖ እዚህ ይደርስና ወደ መሃል አገር ይበተን ነበር፤ አሞሌው ሸቀጥም ገንዘብም ነበር። ነጋዴው ብቻውን አይጓዝም ነበር፤ ተሰባስቦ ይነሳ፣ ሳይመሽ ውኃ ባለበት ይሰፍር፣ ጭነቱን አራግፎ በተራ ይጠብቅ ነበር፣ ስንቁም በሶና ቆሎ ነበር። የዛሬው መንገደኛ ከዚህ ልማድ ቢያንስ ሁለቱን ቢወርስ ይጠቀማል፦ በሁለት መኪና መጓዝንና ሳይመሽ መስፈርን። በዚህ አገር ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ወዲያው ይወርዳል፤ በጠመዝማዛ ጠጠር መንገድ ላይ በሌሊት መንዳትም ትልቅ አደጋ ነው።

ለዋግ የሚያስፈልገው መኪና ከመሬት ከፍ ያለና አራቱም ጎማው የሚጎትት ነው። አልጋና ወጥ ቤት ያለው ረጅም ካራቫን በአሜሪካ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ይመቻል፤ በዋግ ጠባብ መጠምዘዣ ላይ ግን መዞሪያ ያጣል። ስለዚህ የሚሻለው ጣሪያው ላይ ድንኳን የተገጠመለት ላንድክሩዘር ወይም ፒካፕ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ዳገቱን ሙሉ ጭነት ይዞ መውጣት ይከብደዋል። ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይብሳል። ሹፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ይግልና መያዝ ያቅተዋል፤ ልምድ ያለው ሹፌር ገና አፋፉ ላይ ሳለ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ያደርጋል። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የጎማ መንፊያና በጀሪካን የተያዘ ነዳጅም ግድ ነው። ማብሰያውም ከፍታውን ያውቃል፤ ሰቆጣ ላይ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስር ወይም ባቄላ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል።

ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ መምረጥ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለዓይን የሚስብ ነው፤ ለጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ በግራር የተከበበ። ችግሩ ዝናቡ የሚጥለው ሌላ ቦታ፣ ጎርፉ የሚደርሰው እዚህ መሆኑ ነው። ተራራው አፈሩና ዛፉ ስለተራቆተ ውኃውን አያስቀረውም፤ ላይ ደጋው ላይ አንድ ሰዓት የጣለ ዶፍ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቆላ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። በወንዙ ዳር ባለ ድንጋይ ወይም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሣርና ጭራሮ የባለፈው ጎርፍ ምልክት ነውና ድንኳኑ ከዚያ ከፍ ብሎ መተከል አለበት። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ወቅት ለሰፈር ይመረጣል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ቆላውም ገና አልከፋም። የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን የበዓል ጨዋታ የሚጫወቱት ግን በነሐሴ፣ በክረምቱ እምብርት ነው። ለሻደይ የሚመጣ ሰው ድንኳኑን ትቶ ከተማ ውስጥ አልጋ ይያዝ።

በመንገዱ ላይ ሊታለፉ የማይገባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ከላሊበላ ሲመጣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ነጭ ልባጥ እየተፈራረቁበት እንደ አክሱም ሕንፃ ተሠርቷል። ለሰቆጣ ቅርብ የሆነው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ደግሞ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ የዋግ ሹሞች፣ ማለትም የአካባቢው መሳፍንት፣ አስከሬን በሣጥን ተቀምጦበታል። ዋግ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. የነገሡት ከዚሁ የመሳፍንት ዘር ተወልደው ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ መስፈር ነውር ስለሆነ ድንኳኑ ከደብሩ ራቅ ብሎ ይተከላል።

በዋግ ባዶ የሚመስለው መሬት ባለቤት አለው። እህሉ የታጨደበት ማሳ የከብት ግጦሽ ነው፤ ሣሩ የቆመበት ኮረብታ ደግሞ ማኅበረሰቡ እንዲያገግም የከለለው ሊሆን ይችላል። እንግዳው አስቀድሞ ወደ ቀበሌው ወይም ወደ መንደሩ ሽማግሌ ሄዶ ማደሪያ ይጠይቃል፤ ለመሸበት ሰው እንቢ ማለት በአገሩ ወግ ከባድ ነው፣ የሚያሳየው ቦታም ብዙውን ጊዜ ለደኅንነቱ የተሻለው ነው። ቀን ከሌት የሚጠብቅ ሰው ከመንደሩ ቀጥሮ ተገቢውን መክፈል፣ ማርና ፍየል ሲገዙም የገበያውን ዋጋ መስጠት ተገቢ ነው። እንጨት መልቀም ግን አይገባም፤ በተራቆተ አገር እያንዳንዱ ጭራሮ የአንዲት እናት ማገዶ ነው፤ ምግቡ በቡታ ጋዝ ይብሰል። ውኃም እንዲሁ ነው። ድርቅ በሚመላለስበት በዚህ ምድር ሴቶች ጀሪካን አዝለው ከሩቅ ይቀዳሉ፤ በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ አምስት ሊትር ከከተማ ጭኖ መውረድ የጨዋ መንገደኛ ግዴታ ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ዋግን ክፉኛ ጎድቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል ያለው ግጭት የመንገዱን ሁኔታ በየጊዜው ይለዋውጠዋል። ሰላሙ ሲጸና ለዋግ የሚበጀው ውድ ሎጅ አይደለም። ከተከዜ ሐይቅ ዳር በመንደሩ ሰዎች የሚተዳደር አንድ የታጠረ ሰፈር፣ የውኃ ቧንቧ፣ ንጹሕ መጸዳጃና ደመወዝ ያለው ጠባቂ ካለ መንገደኛውም ያድራል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። እስከዚያው ድረስ ወደ ዋግ ለመጓዝ ያሰበ ሁሉ ጎማውን ከመንፋቱ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሰቆጣ ያጣራ፤ አትምጡ ከተባለም ይቅር።