ሞተሩስ ተገራ፣ "ሰው ምን ይለኛል?" እንዴት ይገራ!

የዛሬው ጨዋታችን ከወደ ከሚሴ ነው። አንድ ወዳጄ በሞተር እየዞረ አገሩን በቪዲዮ ሊያሳይ ሄልሜቱ ላይ ካሜራ ገጥሞ ተነሳ። የመጀመሪያውን ቀረጻ ሲሰማ ግን በራሱ አፈረ። "ይሄ የማነው ቀጭን ድምፅ?" ብሎ ሊያጠፋው ምንም አልቀረው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስንናገር ድምፃችንን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንትም ስለምንሰማው ይወፍርልናል። መቅረጫው የሚይዘው የአየሩን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ድሮም የሚሰማው ያንኑ "ቀጭን" ድምፅ ነው፤ ማን ሳቀበት?

ሁለተኛው ድክመቱ ግን ነፍስ ሊያጠፋ ነበር። እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ እየከነፈ፣ "ቀርጾልኝ ይሆን?" ብሎ ካሜራውን ሲነካካ፣ ፍየል የምትነዳ ልጅ ከፊቱ ድቅን አለች። ለጥቂት ተረፈች። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ያን ሁሉ የሄደው በጭፍን ነው!

ሐፍረቱም ጉራውም "ሰው ምን ይለኛል?" የምትባል የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ዛሬ ወዳጄ ካሜራውን ቆሞ ይከፍታል፤ ሲነዳ ዝም ብሎ ይነዳል። ወሬውን ጥላ ሥር አረፍ ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ያወጋል። ገበያተኛውንም ሳያስፈቅድ አይቀርጽም። ያችን የመጀመሪያ ቪዲዮም አላጠፋትም፤ መሻሻሉን የሚለካባት እሷ ናትና።

እናንተስ የትኛው ያስቸግራችኋል፣ ሐፍረቱ ወይስ ጉራው? ሳምንት በሰላም ያገናኘን!