የጣት ቁርጥማትና ክረምት

ክረምት ሲገባ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ብዙ እናቶች «ጣቴን ቆረጠመኝ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው» ይላሉ። እውነት ዝናቡ ነው?

በመገጣጠሚያ ላይ፣ በአጥንቶች ጫፍ፣ ለስላሳ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ከዕድሜ ጋር ይሳሳል። ያኔ ጣት ይጓጉላል፤ ጠዋት አልታጠፍ ይላል። ይህን ብርድ አያመጣውም።

ሕመሙን ግን ያብሰዋል? ጥናቶች አልተስማሙም። በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት እርጥበትና ነፋስ ሲበረታ ሕመም በጥቂቱ እንደሚጨምር አገኘ። ለውጥ ያላዩም አሉ። ደግሞስ ክረምት የአረም ወራት አይደል? እጅ ጭቃ ውስጥ ይውላል።

ሙቀት ያስታግሳል። ሰው ወደ አምቦ ፍል ውሃ የሚሄደው በከንቱ አይደለም። የሳሳውን ሽፋን ግን አይመልስም። ቤትም ሞቅ ባለ ውሃ እጅዎን ነክረው ጣትዎን ቀስ እያሉ ያጥፉ፣ ይዘርጉ። መገጣጠሚያው ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።