«ማርሚታ» እና የጭስ መስመር ክፍሎች ስያሜ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ እንጦጦ ራጉኤል የሚያወጣው ዳገት ያረጀን መኪና ጕድለት ፈጥኖ ያጋልጣል፤ ጭስ ማውጫው የተበሳ ከሆነ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ባለቤቱ ጋራዥ ገብቶ «ማርሚታው ይቀየር» ቢል ግን የትኛው ዕቃ እንዲቀየር እንደ ፈለገ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም።

«ማርሚታ» በጣልያንኛ ትልቅ ድስት ማለት ሲሆን፣ በዚያው ቋንቋ የሞተርን ድምፅ ለሚቀንሰው በርሜል መሰል ዕቃም መጠሪያ ሆኗል። ወደ አማርኛ የገባው እንደ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በጋራዥ ሥራ በኩል ነው። በእኛ አነጋገር ግን ፍችው ሰፍቶ መላውን ጭስ ማውጫ የሚጠራበት ጊዜ አለ።

ለምሳሌ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተሠራውን ኤም ጂ ቢ የተባለውን የስፖርት መኪና እንውሰድ። በክፍሎቹ ላይ የሚከተለውን ስያሜ እናቀርባለን።

ጭስ ሰብሳቢ፦ ከአራቱ ሲሊንደሮች የሚወጣውን ጭስ የሚቀበል፣ በሞተሩ ጎን የታሰረ የብረት ክፍል።
ጭስ ማውጫ ቱቦ፦ ጭሱን ከሰብሳቢው ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚወስድ።
ማርሚታ፦ በቱቦው መስመር ላይ ያለ ድምፅ ቀናሽ። በአብዛኞቹ ኤም ጂ ቢ መኪኖች የፊትና የኋላ ተብሎ ሁለት ነው።
ጓርኒሲዮን፦ በሰብሳቢውና በቱቦው መጋጠሚያ ገብቶ ጭስ እንዳያፈተልክ የሚያደርግ።
ማንጠልጠያ፦ ቱቦውንና ማርሚታውን ከመኪናው ሆድ ጋር የሚይዝ፣ ጎማ ያለበት ማሰሪያ።

ሥራውም በእነዚህ ቃላት በግልጽ ይነገራል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የዛጉት ብሎኖች ዘይት ጠጥተው ይፈታሉ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተነሥቶ በአዲስ ይተካል። ቱቦውና ማርሚታዎቹ በማንጠልጠያው ላይ ላላ ተደርገው ይሰቀላሉ፤ መስመራቸው ከተስተካከለ በኋላ ከጭስ ሰብሳቢው ጀምሮ ወደ ኋላ ይጠብቃሉ። በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ መጋጠሚያው ሁሉ ይፈተሻል።

የስያሜው ጥራት ለሕይወትም ይጠቅማል። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በካርቡራተር የሚሠራና ለከፍታው ያልተስተካከለ ሞተር ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፤ በጭሱም ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላል። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለበት መኪና ማርሚታው ብቻ ቢቀየርለት አደጋው ሳይወገድ ይቀራል።

በ«ማርሚታ» ፈንታ «ድምፅ ማፈኛ» ይባል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ዕቃው ድምፁን ይቀንሳል እንጂ ጭሱን ማፈን የለበትም፤ የታፈነ ሞተር ኀይሉ ይደክማል። ስለዚህ ሕዝብ የለመደው «ማርሚታ» በጠባብ ፍችው እንዲጸና፣ ጠቅላላው ደግሞ «የጭስ መስመር» እንዲባል እንመርጣለን። ያን ጊዜ «የኋላው ማርሚታ ይቀየር» እና «የጭስ መስመሩ በሙሉ ይቀየር» የተለያዩ ትእዛዞች ይሆናሉ።