የጥያቄ ወረቀት



ሰሞኑን አንድ አገልጋይ ወንድማችን «ከስብከቱ በኋላ ያለው የጥያቄና መልስ ሰዓት ቢቀር ይሻላል፤ ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዱም ጥያቄ ጉባኤ ይበጠብጣል» ሲል ሰማሁት። ነገሩ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ይህን ጻፍሁላችሁ።

እኔ የጥያቄ ሰዓትን ዋጋ የተማርሁት መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ነው። «እንዳ» በትግርኛ ቤት ማለት ነው፤ የኢየሱስ ቤት።  የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢም በዚሁ ስም ይጠራል። ከየአገሩ የመጣን ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ ተሰብስበን እንማር ነበር፤ የእኔ አገልግሎት የጥያቄ ወረቀቶችን ሰብስቦ ለመምህሩ ማንበብ ነበር።

አንድ ምሽት ትምህርቱ ስለ ጾም ነበር። ከወረቀቶቹ መካከል ከደብተር ተቀድዳ አራት ጊዜ የታጠፈች አንዲት ቁራጭ አገኘሁ። በእርሳስ የተጻፈች፣ አንዱ መስመር ተሰርዞ እንደገና የተጻፈ። «እናቴ ካረፈች ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። እግዚአብሔር ተቆጥቶኝ ይሆን?» ትላለች። ሰዓቱ ገፍቶ ነበር፤ ከርእሱም ውጪ ናት ብዬ አሳለፍኋትና ስለ ጾም የተጠየቁ ሦስት ቀላል ጥያቄዎች አነበብሁ። ጉባኤው ተበትኖ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት እህት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ከኋላ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስንጠጋ ተነሥታ ወጣች። ወረቀቷ የእርሷ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ግን በዚያ ቦታ አላየኋትም።

ለመምህራችን ነገርኋቸው። አልተቆጡኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጁትን ትምህርት ትተው፣ ማን ጻፈው ሳይሉ፣ በዚያች ወረቀት ጀመሩ። ሰዓቱ በሙሉ ስለ ኀዘንና ስለ ጸሎት ሆነ። ከእኔ አጠገብ የተቀመጠው ወንድም ሲያለቅስ አየሁት፤ አባቱን የቀበረው በዚያው ዓመት ነበር።

ጥያቄ ጉባኤ ይበጠብጣል የምንል ሰዎች የራሳችንን ትርጓሜ ቤት ረስተናል። ላይ ቤትና ታች ቤት ብለው በጎንደር ያጸኑልን የአንድምታ ሊቃውንት ንባቡን ሲተረጉሙ «ለምን እንዲህ አለ ቢሉ» እያሉ በጠያቂ አፍ ያስጠይቃሉ፤ ከዚያ ይመልሳሉ፤ «አንድም» ብለው ደግሞ ሌላ መንገድ ይከፍታሉ። ጠያቂው ገና ሳይመጣ ቦታ ይዘውለታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ጃንደረባችንም ኢሳይያስን እያነበበ «ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ማን ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። ፊልጶስ ትምህርቱን የጀመረለት ከዚያው ከጠየቀበት ቦታ ነው፤ በዚያው መንገድም ተጠመቀ።

የሚያስቸግር ጥያቄ የለም አልልም። ለክርክር ብቻ የሚመጣ አለ፤ እርሱንም በትሕትና መመለስ ይቻላል። በአደባባይ የማይመለስ፣ ከንስሐ አባት ጋር የሚያዝ ጉዳይም አለ፤ ያን ጊዜ ጠያቂውን አባ ዘንድ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው። መልሱን ካላወቅን «አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» ማለት ነውር የለውም፤ ነውሩ ጠይቄ እመጣለሁ ብሎ መቅረት ነው።

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ያን ሰዓት አትሰርዙት። ሰዓት ካጠራችሁ ስብከቱን አሳጥሩ። የተሰበሰበውን ወረቀት ሁሉ፣ የታጠፈውንም ዘርግታችሁ ሳታነቡ ከአዳራሹ አትውጡ።