60 በመቶ ለምን ያሳስባል?
በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ከ1000 አቶሞች ዩራኒየም-235 የሆኑት 7 ያህሉ ብቻ ናቸው። ማበልጸግ ማለት የቀሩትን እየለዩ ማውጣት ነው። እስቲ አብረን እናስላ። 7ቱን ሳንነካ 800 ብናወጣ 3.5 በመቶ ደረስን፤ ለኃይል ማመንጫ ይበቃል። ከተረፉት 200 ውስጥ 188 ስናወጣ 60 በመቶ ገደማ እንሆናለን። ከዚያ ለቦምብ ወደሚፈለገው 90 በመቶ ለመጠጋት የሚቀረን 4 ማውጣት ብቻ ነው!

አያችሁ፣ ትልቁ ድካም መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ስምምነት ኢራንን 3.67 በመቶ ላይ ያቆማት ለዚህ ነው፤ በምላሹ የኒውክሌር ማዕቀቦች ተነሱላት። ለቦምብ የሚበቃ ዩራኒየም ለማዘጋጀት ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲፈጅባት ታስቦ ነበር። በ2018 አሜሪካ ከስምምነቱ ወጥታ ማዕቀቡን መለሰች፤ በ2021 ኢራን 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች። ማዕቀብ ብቻውን ሴንትሪፊውጁን አላቆመውም፤ ያ የአንድ ዓመት ፋታም አብሮ ቀረ።