ያውቁ ኖሯል? ከነቤተሰብ ወደ ሰመጡ መርከቦች

የሰመጠ መርከብ ለማየት መጥለቅ ሲባል ብዙዎቻችን ቀይ ባሕርን ወይም ውቅያኖስን እናስባለን። በደንብ ከቆዩት የእንጨት መርከቦች ብዙዎቹ ያሉት ግን ጨው በሌለበት ውሃ፣ በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ በተዘረጉት ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ነው። መርከቦቹን ያቆያቸው ቅዝቃዜ ነው፤ ያልተዘጋጀን ቤተሰብ ጉዞ የሚያበላሸውም ይኸው ቅዝቃዜ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ውሃው

• ሱፒሪየር፣ ሚሺጋን፣ ሂዩረን፣ ኢሪና ኦንታሪዮ የተባሉት አምስቱ ሐይቆች በምድር ገጽ ላይ ከሚገኘው ጨው አልባ ውሃ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይዘዋል። ሂዩረን ብቻውን ከጣና ከ15 እጥፍ በላይ ይሰፋል።

• ባሕር ውስጥ የሰመጠን እንጨት ቦርቡሮ የሚጨርሰው የመርከብ ትል የሚኖረው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው። ሐይቆቹ ውስጥ የለም። ቅዝቃዜውም መበስበስን ስለሚያዘገይ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የሰነበተ የመርከብ ወለል ሳንቃው እንደተደረደረ ይገኛል።

• ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በረዶ ሲሆን አይደለም፤ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። ከባዱ ውሃ ታች ስለሚተኛ፣ በኦገስት ላዩ ለዋና ሲመች እንኳ ጥልቁ ወደ 4 ዲግሪ ተጠግቶ ይቆያል። ጠላቂ ቁልቁል ሲወርድ ሙቁን ውሃ ጨርሶ ቀዝቃዛውን የሚያገኘው በአንዳንድ ቦታ በሁለት ክንድ ልዩነት ነው፤ መጀመሪያ የሚሰማውም ልብስ ባልሸፈነው ከንፈርና ጉንጭ ላይ ነው።

• ልጆች መጠየቃቸው አይቀርምና፦ ሻርክ የለም።

• በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመጡ መርከቦች ሚዛን መጠበቂያ ውሃ ተደብቀው የገቡት «ዜብራ መስል» የተባሉ ጥቃቅን ባለ ዛጎል ፍጥረታት ሐይቆቹን ወርረዋል። ውሃውን እያጣሩ ስለሚመገቡ ጥራቱን ጨምረውታል፤ ጠላቂ ርቆ ማየት ችሏል። በዚያው ልክ ደግሞ የመርከቦቹን እንጨትና ብረት ሸፍነው ጌጡንና ጽሑፉን ደብቀዋል። መርከብ አምጥቷቸው መርከብ ላይ ሰፈሩ።

ስለ መርከቦቹ

• ለቤተሰብ ከሚመቹት ቦታዎች አንዷ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ሂዩረን ሐይቅ ዳር ያለችው ትንሿ ከተማ ቶበርሞሪ ናት። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ቶሮንቶ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው።

• እዚያ ያለው ፋዘም ፋይቭ ብሔራዊ የውሃ ፓርክ በ1987 የተቋቋመ ሲሆን፣ ከ20 በላይ የሰመጡ መርከቦችን ይዟል።

• የፓርኩ ዝነኛ መርከብ «ስዊፕስቴክስ» በ1867 የተሠራች ባለ ሁለት ምሰሶ የሸራ መርከብ ናት። በ1885 ከድንጋይ ጋር ተላትማ ቶበርሞሪ ወዳለው ቢግ ተብ ወደብ ተጎተተች፤ ሳትጠገን እዚያው ሰመጠች። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አንድ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ርዝመቷ 36 ሜትር ሲሆን የተቀመጠችው 6 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው። መልሕቅ መጎተቻዋ አሁንም አፍንጫዋ ላይ አለ።

• ከእሷ ብዙም ሳይርቅ «ሲቲ ኦቭ ግራንድ ራፒድስ» የተባለው የእንፋሎት መርከብ ተኝቷል። በ1907 በአጎራባቹ ወደብ እንደታሰረ እሳት ተነሣበት። ነበልባሉ ወደቡን እንዳይበላ በሌላ ጀልባ ተጎትቶ ወጣና ተለቀቀ፤ እየነደደ ተንሳፍፎ ቢግ ተብ ገባና እዚያው ሰመጠ። በአንድ ጠዋት ከሸራ ዘመን ወደ እንፋሎት ዘመን ይዋኛሉ ማለት ነው።

• መጥለቅ ለማይሹ አያቶችና ለሕፃናትም መፍትሔ አለ፦ ከቶበርሞሪ የሚነሡት ባለ መስተዋት ወለል ጀልባዎች በሁለቱም መርከቦች አናት ላይ ያልፋሉ።

• በአሜሪካ በኩል አልፒና በምትባለው የሚሺጋን ከተማ ዳርቻ ያለው ተንደር ቤይ በ2000 ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ተባለ፤ በ2014 ደግሞ ወደ 4,300 ስኩዌር ማይል ሰፋ። የባሕር ጉዞ ታሪክ ማዕከሉ መግቢያ ነፃ ነው፤ ዝናብ ለጣለበት ቀን ይያዙት።

• ሱፒሪየር ውስጥ፣ አይል ሮያል ደሴት አጠገብ «አሜሪካ» የተባለው መርከብ በ1928 ሲሰምጥ ሰዎቹ በሙሉ ተረፉ፤ ታስሮ የነበረ ውሻ ግን ሞተ። የመርከቡ አፍንጫ ከውሃው ገጽ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ዝቅ ብሎ ይታያል።

• ከሁሉም ስመ ጥሩ «ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ» የጎብኚ ቦታ አይደለም። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ከ29 ሠራተኞቹ ጋር የሰመጠ ሲሆን፣ 160 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እንደ መቃብር ተጠብቆ ይገኛል።

• ኖቬምበር የሐይቆቹ ክፉ ወር ነው። በ1913 በዚሁ ወር የተነሣ ማዕበል ከ250 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል። የቤተሰብ ጉዞ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይሁን።

ስለ ልጆቹ

• ፓዲ በተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ሥርዓት ልጅ ከ8 ዓመቱ ጀምሮ በ2 ሜትር ውሃ ውስጥ መሞከር ይችላል። በ10 ዓመቱ የታዳጊ ጠላቂነት ፈቃድ ያገኛል፤ 12 ዓመት እስኪሞላው ግን ከ12 ሜትር በታች አይወርድም፣ ከወላጅ ወይም ከባለሙያ ጋር ብቻ ይጠልቃል።

• 12 ሜትር ትንሽ ከመሰለዎት ስዊፕስቴክስን ያስታውሱ፤ ጥልቀቷ የዚያ ግማሽ ነው።

• ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ቀጭን ልጅ ከወፍራም አባቱ ቀድሞ ይበርደዋል። «ለሚቀጥለው ዓመት ይሆነዋል» ተብሎ በሰፊው የተገዛ የጠላቂ ልብስ ጥቅም የለውም፤ በክፍተቱ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባ ይመላለሳል። ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር፣ ኮፍያና ጓንት ያለው፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል ይምረጡ።

• አፍንጫው የታፈነ ልጅ አይጥለቅ። ጆሮው ግፊቱን ማመጣጠን ካቃተው ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች ይጀምራል። ነፍሰ ጡር እናትም ጀልባው ላይ ትቆይ።

ስለ ትንፋሽና ስለ ዕቃ

• 10 ሜትር ላይ ግፊቱ በገጽ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ የተሳበ አየር ወደ ላይ ሲወጡ እጥፍ ይሰፋል። የስኩባ (አየር ተሸክሞ የመጥለቅ) የመጀመሪያ ሕግ ከዚህ ይመነጫል፦ ትንፋሽ አይያዝም፤ በሁለት ሜትር ውሃ እንኳ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል።

• ጨው አልባ ውሃ ሰውን የሚያነሣበት ኃይል ከባሕር ውሃ ያንሳል። ባሕር የለመደ ጠላቂ ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን የእርሳስ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል።

• የሂዩረን ገጽ ከባሕር ጠለል 176 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ጥልቀትንና ቆይታን የሚወስነው የተለመደው የመጥለቂያ ሠንጠረዥ ይሠራል። ጣና ላይ ቢሆን ኖሮ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የከፍታ ሠንጠረዥ ያስፈልግ ነበር።

• በጣም በቀዘቀዘ ውሃ ተራ የመተንፈሻ መሣሪያ ውስጡ በረዶ ሠርቶ አየር ያለማቋረጥ ሊለቅ ይችላል። ሲከራዩ «ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

• መርከብ ውስጥ መግባት ለብቻው ሥልጠና ይፈልጋል። ከላይ ጣሪያ አለ፤ ደለሉ በአንድ የእግር ምት ይነሣና መውጫውን ይሰውራል። የጠላቂ አየርም ከወለሉ ሥር ተጠራቅሞ አሮጌውን ሳንቃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ልጅ ካለ ከውጭ ይዙሩ።

ስለ ጉዞው

• በፋዘም ፋይቭ ለመጥለቅ አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነው። ስዊፕስቴክስ አናት ላይ ጀልባዎች ስለሚመላለሱ፣ ሲመዘገቡ ሰዓቱን ይጠይቁ።

• አንዲት ሚስማር ለመታሰቢያ ብሎ ማንሣት በሕግ ያስጠይቃል። የልጅን ኪስ ከመመለስዎ በፊት ይፈትሹ።

• ከአንድ ቀላል መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩም። ቲኬት ሲቆርጡ የመጨረሻውን ቀን ለባለ መስተዋቱ ጀልባ ወይም ለታሪክ ማዕከሉ ይተዉት።

• በጠላቂዎች ምልክት ወደ ላይ የተቀሰረ አውራ ጣት «ጎበዝ» ማለት አይደለም፤ «እንውጣ» ማለት ነው። «ደህና ነኝ» የሚባለው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በማክበብ ነው። የ«እንውጣ»ን ምልክት ማንም፣ በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይሰጥ ማሳየት ይችላል፤ ሁሉም ታዝዞ ይወጣል። ልጅ የታላቅን ቃል በማይሽርበት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ከጉዞው በፊት፣ ገና ሳሎን ውስጥ፣ ለልጆቻችን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል፦ ከበረደሽ፣ ከፈራሽ፣ ወይም እንዲሁ ካላሰኘሽ አውራ ጣትሽን አንሺ፤ አባትሽም ይከተልሻል።