ብዙ ብስክሌት የሚሆን አንድ ቴላዮ

ብስክሌት የሚገዛ ሰው ቀለሙን ያያል፣ ማርሹን ይቆጥራል፣ ጎማውን በጣቱ ይጫናል። ጎንበስ ብሎ የቴላዮውን የኋላ ጫፍ የሚመረምር ግን ብዙም አይገጥመኝም። እኔ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው፦ የኋላው ጎማ አክስል በሚታሰርባቸው ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ላይ። አንድ ቴላዮ ዕድሜውን ሙሉ ያው አንድ ዓይነት ብስክሌት ሆኖ ይኑር ወይስ ከባለቤቱ ኑሮ ጋር ይለዋወጥ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው በእነዚያ ብረቶች ላይ የተቆረጠው ክፍተት ነው።

ቴላዮ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ፊቱ ላይ መሪውን፣ መሐሉ ላይ ፔዳሉን፣ ጀርባው ላይ ጎማውን የሚያያይዝ የቱቦ አጥንት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 «ሮቨር» የተባለውን፣ የኋላ ጎማው በካቴና የሚነዳ ብስክሌት ካቀረበ ወዲህ መሠረቱ ብዙም አልተናወጠም።

የሚያሳስበኝ አንድ የተሳሳተ ግምት ነው። ተለዋዋጭ ቴላዮ ሲባል ብዙዎች ተፈትቶ የሚገጣጠም፣ በየቦታው ብሎን ያለበት ነገር ይመስላቸዋል። የሚፈታ ቴላዮ ውብ ሥራ መሆኑን አልክድም። ለሚኒ መኪና የላስቲክ ሞላ የሠራው መሐንዲስ አሌክስ ሞልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ትንንሽ ጎማ ያለው ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። በ1983 ደግሞ ከቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ድልድይ የተሳሰረውንና መሐሉ ላይ ለሁለት የሚከፈለውን አስከተለ። ያን ብስክሌት ከፍለው መኪና ውስጥ ይጭኑታል፤ ሲገጥሙት ግን ያው የቀድሞው ብስክሌት ነው። መፈታቱ ለመሸከም ይመቻል እንጂ ወደ ሌላ ብስክሌት አይለውጠውም። የተጨመረው መጋጠሚያ ሁሉ ደግሞ ክብደት አለው፤ ካልተጠበቀም ይላላል።

አሁን አክስሉ ወደፊትና ወደኋላ ወደሚንሸራተትበት ክፍተት ልመለስ። ርዝመቱ የሚሰላ ነገር ነውና ስሌቱን ላሳይ። በዓለም ላይ ያለ ብስክሌት ሁሉ ማለት ይቻላል የካቴናው እርምጃ፣ ማለትም ከፒን እስከ ፒን ያለው ርቀት፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ካቴና የሚያጥረው ጠባቡንና ሰፊውን ዓይን በአንድነት በማውጣት ስለሆነ 25.4 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። ካቴናው በላይም በታችም ስለሚያልፍ አክስሉ የሚጠጋው የዚያን ግማሽ፣ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ፒኖቹ እየተበሉ ካቴናው ይረዝማል። 100 ዓይን ያለው ካቴና 1 በመቶ ሲረዝም፣ ያኔ መጣያው ደርሷል፣ አክስሉ ሌላ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደኋላ መሄድ አለበት። ሁለቱ ሲደመሩ 19 ይሆናሉ። ስለዚህ ከ20 ሚሊ ሜትር ያነሰ መንሸራተቻ ያለው ቴላዮ፣ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ሲሆን አንድ ቀን ባለቤቱን ያስቸግራል። 25 ከሆነ ግን ካቴናው ሳይነካ 7 ጥርስ ያህል መቀያየር ይቻላል፤ አንድ ጥርስ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ አክስሉ የሚንቀሳቀሰው 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና።

ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ሳያሰፍር በእጁ የሚያውቅ ጠጋኝ ባሕር ዳር አግኝቻለሁ። ፊቱ የቆመው ባለ 28 ኢንች ጎማ የድሮ የቻይና ብስክሌት ነበር፤ ደንበኛው ጭነት ሊያመላልስበት ስለፈለገ ከኋላ ተለቅ ያለ ጥርስ እየገጠመለት ነው። «ጋሼ፣ ካቴና ሊጨምሩበት ነው?» አልኩት። «ለምን ብዬ፣ ልጄ? ጎማውን ወደፊት እገፋዋለሁ» አለኝና ሁለቱን ዳዶ አላልቶ ገፋው። ካቴናውን መሐሉ ላይ በጣቱ ወደላይ ወደታች አወዛወዘው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲላላ በቃው። ከዚያ አንዱን ዳዶ ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት፣ እያፈራረቀ አጠበቀ። አንዱን ወገን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ጎማው ሲጣመም ቴላዮውን የሚረግሙ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል። ካቴናውን እንደ ክራር አውታር የሚወጥሩትም ኩሽኔታውን እየፈጁት ነው።

የሁለቱ ብረቶች መራራቅም ሌላው መለኪያ ነው። የድሮ ማርሽ አልባ ጎማ 110 ወይም 120 ሚሊ ሜትር፣ የመንገድ ብስክሌት ቀድሞ 126 ኋላ 130፣ የተራራ ብስክሌት ደግሞ ለረጅም ጊዜ 135 ሲፈልግ ኖሯል። ሰርሊ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት «ክሮስ ቼክ» በሚለው ቴላዮው ላይ 132.5 አደረገው፤ የብረት ቱቦ ስለሆነ በእጅ ሲሳብ 135ቱን፣ ሲጠብቅ 130ውን ይቀበላል። የአሉሚኒየም ቴላዮ ግን እንዲህ አይደለም። በጉልበት ፈልቅቀው ሰፊ ጎማ የሚያስገቡ ሰዎች እባካችሁ ተዉ፤ አሉሚኒየም መታጠፍን አይታገስም፣ ብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል።

ክፍተቱ ምን ያህል በር እንደሚከፍት የሚያሳየኝ ሌላው ሥራ «ኤክስትራሳይክል» ነው። ሮስ ኢቫንስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኒካራጓ ውስጥ ሰዎች በብስክሌት ጭነት ለመጫን ሲቸገሩ አይቶ የጀመረው ነው። የኋላው ጎማ ወጥቶ በአክስሉ ቦታ ተጨማሪ ቴላዮ ይታሰራል፤ ጎማው 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደኋላ ይሄድና መሐሉ የጭነት ቦታ ይሆናል። ነባሩ ቴላዮ አይቆረጥም፣ አይበየድም። ሲያስፈልግ ተፈትቶ ተራ ብስክሌት ይሆናል።

የፔዳሉን ማቀፊያ በአንድ መስመር ልለፈው፦ 68 ሚሊ ሜትር ስፋትና የእንግሊዝ የብሎን ጥርስ ያለው ይሁን፣ ምትኩ በየትም ይገኛል፤ በካቴናው ወገን ያለው ብሎን ወደ ግራ ዞሮ እንደሚጠብቅም አይረሳ።

ቴላዮ ሊያስበይድ ላሰበ ሰው አንድ እውነተኛ ችግር አለ፣ እሱም ፍሬን ነው። ጎማው ሲንሸራተት ቸርኬውን የሚይዘው የላስቲክ ፍሬን ቦታውን ይስታል፤ የዲስክ ፍሬን ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ከመያዣው ውስጥ ይወጣል። ለላስቲኩ ፍሬን ከፍና ዝቅ የሚልበት ረዘም ያለ መክተቻ ያለውን መምረጥ ነው። ለዲስኩ ግን የሚሻለው አክስሉን ብቻ ሳይሆን የፍሬኑን መያዣም የተሸከመ ተንሸራታች ብረት ሠርቶ፣ እሱን ከቴላዮው ጋር በሁለት ብሎን ማሰር ነው። እንዲህ ሲሆን ጎማና ፍሬን አብረው ይሄዳሉ። ብረቱ ሲያልቅ ወይም የአክስሉ ዓይነት ሲለወጥም የሚቀየረው እሱ ብቻ ነው። ብሎኖቹም ከማንኛውም የብሎን ሱቅ የሚገኙ ተራ ባለ 8 ሚሊ ይሁኑ።